ፍሬ የማይሰጠው ሣር

አቮካዶና ጌጠኛ ሣር ጎን ለጎን አቁመው አንዱን ለግቢ ምረጪ ቢሉኝ፣ ዛሬም አፌ የሚቀናው ለአቮካዶው ነው። አቮካዶ ያስጠብቅ ይሆናል እንጂ አያሳፍርም። አምስት ስድስት ዓመት ትታገሠዋለህ፤ ከዚያ በኋላ ጥላውም ያንተ ነው፣ ፍሬውም ያንተ ነው፣ ሰላምታ የነፈገህ ጎረቤት ሳይቀር በአጥር ላይ እንዴት አደርክ ማለት ይጀምራል። ጌጠኛው ሣር፣ ያ ፓምፓስ የሚሉት፣ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ጫፉ ላይ ነጭ ላባ የሚያወጣው፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቦታ ይይዛል፣ ቅጠሉ እንደ ምላጭ እጅ ይቆርጣል፣ በመጨረሻም ምንም አይሰጥህም። ይህን ንግግር በአንድ ወቅት በቀን አሥር ጊዜ አደርገው ነበር፤ እንጀራዬ ነበር። እኔ ራሴ ግን አቮካዶ ከቀመስኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ወደ ማለቂያቸው ሲቃረቡ ነው። ቦሌ ውስጥ አንድ የግል ችግኝ ጣቢያ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ያኔ ከኤርፖርቱ ወደ ምሥራቅ ያለው ሜዳ ሁሉ እየታጠረ ቪላ ይቆምበት ነበር፤ ባለፈው ጤፍ ሲወቃ ያየህበት ቦታ ላይ ተመልሰህ ስትመጣ የብረት በር ታገኛለህ። አዲሶቹ ባለቤቶች መኪናቸውን አቁመው ይገቡና ዓይናቸው በቀጥታ ሣሩ ላይ ያርፋል። "ይሄ ነጩ ነገር ቶሎ ያድጋል?" ይሉኛል። እኔ ሽንጤን ገትሬ ለአቮካዶ እከራከራለሁ። አለቃዬ ከኋላ ሆኖ ይገላምጠኛል፤ ቶሎ የሚሸጠው ሣሩ ነበርና። ግልምጫውን ከቁም ነገር ቆጥሬው አላውቅም። የተማርኩት እኔ ነኝ እል ነበር፤ ያን ጊዜ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ከችግኝ ጣቢያው በእግር ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ አንድ አሮጌ ቪላ ተከራይተን እንኖራለን። አከራያችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው አሮጊት ነበሩ፤ ዋናውን ቤት ለእኛ ለቀው እሳቸው ከጓሮ ባለችው ሰርቪስ ቤት ገብተዋል። እማማ ነበር የምላቸው። ትንሽ፣ ንጹሕ፣ ቃላቸው የተቆጠረ ሴት ነበሩ። ልጅ ወልደው እንደማያውቁ ጎረቤቶች ነግረውኛል።

በግቢው ውስጥ እነዚያው ሁለቱ ተክሎች ነበሩ። ከበሩ በስተቀኝ አንድ ትልቅ አቮካዶ፤ ከእሱ አምስት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ፣ አጥሩ ጥግ፣ አንድ ያረጀ ፓምፓስ። እማማ አቮካዶውን ዞር ብለው አያዩትም። ፍሬው ሲወድቅ እኛ እንለቅማለን፣ ለጎረቤት እንሰጣለን፤ እሳቸው አንድ እንኳ ወደ ቤታቸው አያስገቡም። ሣሩን ግን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በየቀኑ በባልዲ ውሃ ይዘው ሄደው ያጠጡታል። ክረምትም ቢሆን። ቀኑን ሙሉ ሲዘንብ ውሎ ግቢው ረግረግ ሆኖ እንኳ፣ ከላይ ላስቲክ ደርበው አንድ ጣሳ ያፈሱበታል። ከዚያ አጠገቡ ቆመው ዝቅ ባለ ድምፅ ያወሩታል።

ሲያወሩት መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት ስቄአለሁ። ብቻውን የሚኖር ሰው ከግድግዳም ጋር ያወራል። ሳቄ የቆመው ሣሩ ሲመልስላቸው ነው። እማማ አንድ ነገር ይላሉ፣ ዝም ይላሉ፤ ሣሩ ይንሿሿል። እንደገና መናገር ሲጀምሩ ሣሩ ጸጥ ይላል። ዝም ሲሉ ይቀጥላል። አቮካዶው እዚያው አጠገቡ ቆሞ አንድ ቅጠል አይነቃነቅም። በመስኮት መጋረጃ ገለጥ አድርጌ ይህን ስንት ምሽት እንዳየሁ አላውቅም። ለባለቤቴ ስነግረው መልሱን እኔው አዘጋጅቼ ነበር፤ የአቮካዶ ቅጠል ወፍራምና ከባድ ነው፣ የፓምፓስ ቅጠል ግን ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ሰው የማይሰማውን ነፋስ ይሰማል። ይህ እውነት ነው። ያም ሆኖ ያን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር መስኮቱን እዘጋው ነበር።

በሙያ ዓይን ሲታይ ሣሩ እየሞተ ነበር። እንዲህ ያለ ሣር ሲያረጅ ከመሐሉ ይደርቅና ዙሪያው ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ከነሥሩ መንቀል፣ በመጥረቢያ መክፈል፣ ጤነኛውን ቁራጭ አዲስ ቦታ መትከል። አንድ ቀን ይህንኑ ለእማማ ነገርኳቸው።

"እማማ፣ ሣርዎ ከመሐል እየሞተ ነው። ነቅዬ ከፋፍዬ ልትከልልዎት?"

"ተይው ልጄ፣ አትቸገሪ። እንዲሁ ይሁን።"

"ምን ችግር አለው? ሥራዬ አይደል?"

"አትቸገሪ አልኩሽ። እንዲሁ ይሁን።"

ይሉኝታ ነው ብዬ ወሰድኩት። እኛ ሰዎች ደግሞ ተለምነን እንጂ ማን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ይላል? ብሉ ሲሉን በላሁ፣ ተቀመጡ ሲሉን ደህና ነኝ፣ ላግዝዎት ሲሉን አትቸገሩ። አትቸገሪ ያለ ሰው እርዳታውን ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያደግሁት እንዲህ ነው። ሁለተኛ መጠየቅ እንኳ ማሳቀቅ መሰለኝ። ቀን አግኝቼ ሳላማክራቸው ላደርግላቸው በልቤ ወሰንኩ።

ቀኑም መጣ። እማማ ለጉልበታቸው ጠበል ሊጠመቁ ለስምንት ቀን ሄዱ። ሲወጡ በር ላይ እጄን ይዘው፣ "ሣሬን አደራ፣ ወደ ማታ ውሃ አትንፈጊብኝ" አሉኝ። እኔም አፌን ሞልቼ እሺ አልኩ።

ቅዳሜ ጠዋት አንድ ጎልማሳ የቀን ሠራተኛ ጠርቼ ቁፋሮ ጀመርን። ሐሳቤ ጥሩ ነበር፤ ሣሩን ሦስት ቦታ ከፍዬ በሰርቪሱ በር ግራና ቀኝ ልተክለው፣ አሮጊቷ በዚያ ጉልበታቸው ባልዲ ተሸክመው ግቢውን ማቋረጥ እንዲቀርላቸው። ሠራተኛው ዙሪያውን በዶማ ፈልፍሎ ጉቶውን አነሣው። ሥር ገብቶ ጥቂት እንደቆፈረ ቀና አለ።

"እትዬ፣ ይሄ መሬት አንዴ ተከፍቶ የተዘጋ ነው።"

"በምን አወቅህ?"

"አካፋው ይናገራላ። ያልተነካ መሬት ይከለክላል። ይሄ ዝም ብሎ ያስገባል።"

ጎንበስ ብዬ አየሁት። የቦሌ መሬት መረሬ ነው፤ ሲዘንብ ጫማ ያወልቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ከሣሩ ሥር ያለው ግን ለስላሳ፣ ጥቁር፣ በእጅ ሲይዙት የሚፈረፈር ነበር። እንዲህ ያለ አፈር ለችግኝ ሠራተኛ ወርቅ ነው። ሠራተኛው እጁን ሰዶ አንድ ነገር አወጣ። ጣት የምታህል፣ የበሰበሰች የነጠላ ጥለት ነበረች፤ ቀዩ ክር ገና ይለያል። መዳፉ ላይ አድርጎ ትንሽ አያትና መሬት ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጣት። ከዚያ ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን እስከ ክርኑ ታጠበ።

"የቀረውን እኔ አልነካም፣ እትዬ።"

"የድሮ ቆሻሻ ነው እኮ፤ አዲስ አበባ ውስጥ የትም ብትቆፍር ጨርቅ ታወጣለህ።"

"ይሁን። እኔ አልነካም።"

ተናደድኩ። ሰውዬውን አሰናብቼ አካፋውን ራሴ ያዝኩ። እስከ ጉልበቴ ወረድኩ። ሌላ ምንም አላየሁም፤ ወይም ለማየት አልፈለግሁም። ያን ጥቁር አፈር ሁለት ማዳበሪያ ሞልቼ፣ ጥለቷንም ከነአፈሩ አፍሼ፣ ጉድጓዱን ከጎረቤት ግንባታ በመጣ ቀይ አፈር ደፈንኩት። ማዳበሪያዎቹን በጋሪ አስጭኜ ወደ ችግኝ ጣቢያው ወሰድኳቸው። ሰኞ ዕለት ከአሸዋና ከፍግ ጋር ቀላቅዬ በፕላስቲክ ከረጢት ሞላሁ፤ ሦስት አራት ቅጠል ያወጡትን የአቮካዶ ችግኞችም አዛወርኩበት። እንዲህ ያለ አፈር አግኝቶ የሚጥል የሙያዬ ሰው አላውቅም።

እማማ እስኪመለሱ ግቢው ጸጥ አለ። ወደ ማታ አዲሶቹን የሣር ቁራጮች አጠጣለሁ፤ አንዱም አይንሿሿም። እፎይ አልኩ ብል አልዋሸሁም። ሐሙስ ዕለት ግን በችግኝ ጣቢያው ዳስ ሥር ብቻዬን አረም ስነቅል ከአቮካዶዎቹ መደብ በኩል ድምፅ ሰማሁ። ያንኑ ድምፅ። ቀና ብዬ የዳሱን ጨርቅ አየሁ፤ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። ከአጥሩ ውጪ ያለው ባሕር ዛፍም አይነቃነቅም። እነዚያ ወፍራም ትንንሽ ቅጠሎች ግን ይንቀጠቀጣሉ።

"ምንድነው?" አልኩ ጮክ ብዬ፣ ለራሴ።

ድምፁ ቆመ። እኔም ዝም አልኩ። እንደገና ጀመረ።

ቅርጫቴን እዚያው ጥዬ ወደ ቢሮ ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ ወደዚያ መደብ አልተመለስኩም፤ ራሴን አሞኛል አልኩ።

እማማ እሑድ ከቀትር በኋላ ገቡ። በሩን የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ፤ ፊቴ በፈገግታ ሞልቷል። ጥጉን አዩት። ቀዩን አፈር አዩት። ጮኹ ብዬ ብጽፍ ይቀለኝ ነበር፤ አልጮኹም። የያዙትን የጠበል ጀሪካን አስቀመጡና ቀስ ብለው መሬት ላይ ተቀመጡ።

"ምን ያህል ነው የቆፈርሽው?" አሉኝ።

"እስከ ጉልበቴ፣ እማማ። ሣሩ አለ፣ ሣሩ አልጠፋም፤ በርዎ ላይ ተክዬልዎታለሁ።"

"ምንም አላገኘሽም?"

"ምንም። የነጠላ ጥለት ነገር ብቻ።"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱት። የነገሩኝ እኔን ሳያዩ፣ ቀዩን አፈር እያዩ ነው።

"ሴት ልጅ ነበረችኝ። ለሰማንያዋ ዘጠኝ ቀን ሲቀራት ተኝታ ቀረች። ታማ ቢሆን ቄስ እናስጠራ ነበር። ክርስትና ያልተነሣች ናት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አትገባም አሉን። አባቷ በነጠላዬ ጠቅልሎ እዚህ አስገባት።"

ከዚያ አንድ የማይጠየቅ ነገር ጠየቅሁ፤ ምናልባት አፌ የለመደው ስለ ተክል ማውራት ብቻ ስለነበረ ይሆናል። ከአቮካዶው ሥር ለምን አላስቀመጧትም አልኳቸው።

"ዛፍ ያፈራላ፣ ልጄ። ያፈራውን ደግሞ ሰው ይበላዋል። አባቷ የፈረንጅ ሹፌር ነበር፤ ከሚሠራበት ግቢ ፍሬ የማይሰጥ ተክል ፈልጎ አመጣ። ከልጄ ማንም እንዳይበላ።" ዞር ብለው ለመጀመሪያ ጊዜ አዩኝ። "አፈሯስ? አፈሯን መልሰሽበታል?"

እኔ ውሸት የማልወድ ሰው ነኝ። ባለቤቴ አንዳንዴ እውነት ስናገር ሰው እንደማስቀይም ይነግረኛል። ያን ዕለት ግን ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ "መልሼዋለሁ፣ እማማ፤ ቀዩ ከላይ ብቻ ነው" አልኳቸው። ትንፋሻቸው ሲመለስ አየሁት። እጄን ያዙና ሳሙት።

በዚያው ምሽት ከሦስቱ ቁራጮች አንዱን መልሼ ጥጉ ላይ ተከልኩት። ባለቤቴ ነገሩን ስነግረው፣ "ሂጂና አሁኑኑ ንገሪያቸው" አለኝ። ነገ አልኩት። ነገ በጠዋት ሄጄ እያንዳንዱን ከረጢት አራግፌ አፈሩን አምጥቼ ከመለስኩ በኋላ ውሸቱ ውሸት አይሆንም። ይህን አምኜ ተኛሁ።

በማግስቱ ሥራ ሳይጀመር ደረስኩ። ከበሩ ፊት አንድ አይሱዙ ቆሞ አቮካዶዎቹ እየተጫኑ ነበር። ሲኤምሲ በኩል ተርታ ቤቶች የሚሠራ ሰው ነው የገዛቸው። ከአንድ ወር በፊት ለየቤቱ ደጃፍ ፓምፓስ ሊያዝ መጥቶ፣ እኔው ሽንጤን ገትሬ ፍሬ የሚሰጥ ነገር ትከሉ ብዬ ያሳመንኩት ሰው። ሲያየኝ ደስ አለው። ምክሬን እንደተቀበለ ሊያሳየኝ ከመኪናው ላይ አንዱን ችግኝ ከፍ አደረገው።

ማስቆም እችል ነበር። ይህን ራሴን ከከሰስኩበት ነገር ሁሉ አስቀድሜ እናገራለሁ። "እነዚህ አይሸጡም" ማለት ብቻ ነበር የሚበቃኝ። አለቃዬ ለምን ይለኛል፤ በአፈሩ ውስጥ ሕፃን አለች እለዋለሁ። ግን አላልኩም። ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ፤ በየቀኑ ነፋስ ነው እያልኩ የማስረዳው እኔ ነኛ።

"ምነው፣ አሞሻል እንዴ?" አለኝ አለቃዬ።

"አንዱን ተዉልኝ" አልኩ። "ለቤቴ።"

አንድ ከረጢት ሰጡኝ። አይሱዙው ወደ ምሥራቅ ሲታጠፍ ከላይ ያሉት ቅጠሎች ሁሉ ይንሿሹ ነበር፤ ይህን ጊዜ ግን በእርግጥ ነፋስ ነበረው፣ መኪናው እየሄደ ነውና። ከረጢቱን ደረቴ ላይ አቅፌ በእግሬ ቤቴ ሄድኩ። እማማ ጓሮ ሳሉ ችግኙን ነቅዬ ጣልኩና ያቺን እፍኝ ሁለት እፍኝ አፈር ከሣሩ ሥር አደረግኋት። ለዚያ ሁሉ ጉድጓድ ይቺው ነበረች።

በዚያን ዕለት ምሽት እማማ ባልዲያቸውን ይዘው መጡ። ውሃውን አፈሰሱ። ተናገሩ፣ ዝም አሉ። ሣሩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንደገና ተናገሩ፣ እንደገና ጠበቁ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ሆኜ ያን የጠላሁትን ድምፅ እባክህ እያልኩ ለመንኩት። በሁለተኛው ቀንም እንዲሁ ሆነ፣ በሦስተኛውም። በሳምንቱ እማማ ከሣሩ አጠገብ ቆመው ሳለ በመስኮቱ በኩል ጠሩኝ። ወጣሁ። ፊታቸው ተጨማድዶ ጆሯቸውን በእጃቸው ደግፈዋል።

"ዛሬ መለሰችልኝ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ግን ከሩቅ ነው። እንዲህ ርቃ አታውቅም።"

ዓይናቸውን ከሣሩ ሳያነሡ ቀጠሉ።

"ስምንት ቀን ሙሉ ጥያት ሄድኩ። ለጉልበቴ ብዬ። ተቀይማኝ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል? አንቺ ወጣት ነሽ፣ ጆሮሽ ይሰማል። እስቲ ስሚልኝ፤ ከየት በኩል ነው?"

ሰማሁ። ከፊታችን ያለው ሣር አንድ ቅጠል አላንቀሳቀሰም። ድምፁ ከአጥሩ ማዶ ነበር፣ ከምሥራቅ፣ ከሲኤምሲ በኩል፤ ደግሞም ከአንድ ቦታ አልነበረም፣ ከብዙ ቦታ ነበር። ባለቤቴ በረንዳው ላይ ቆሞ ያየኛል። እውነቱን ለመናገር ያ የመጨረሻው ዕድሌ እንደነበረ ያኔም አውቄዋለሁ።

"ከዚሁ ነው፣ እማማ" አልኳቸው። "ከሣሩ ነው።"

"ተባረኪ" አሉኝ። ከዚያ በዚያ በታመመ ጉልበታቸው ተንበርክከው ሣሩን ይቅር በይኝ አሉት።